የአኮይ ክንፍ

አኮይ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ከመቶ ዓመት በፊት በየጓሯቸው አውሮፕላን የሠሩ እንግሊዛውያንን እንደ ጎረቤት ያነሣቸው ነበር። ብስክሌት ጠጋኝና አናጢ ነበሩ፤ ጥቂት ከፍ ብለው ወደቁ፣ ስማቸውም ጠፋ። ወደ ቁሓ አየር ማረፊያ የሚወርድ አውሮፕላን ባየ ቁጥር፣ "የበረረውንማ ሁሉም ያውቀዋል፤ የወደቁትንስ ማን ያስታውሳቸው?" ይለኝ ነበር።

ለእነሱ መታሰቢያ ብሎ በግቢው ከቀርከሃና ከአቡጀዲ ትልቅ ክንፍ ሠራ። ጎረቤቶች "ኣያ፣ መቼ ነው የምትበረው?" እያሉ ሲያሾፉበት፣ "መጀመሪያ መውደቅ ልልመድ!" ይላቸዋል።

ባረፈ ዕለት ከዓይደር ሆስፒታል ወደ ግቢው ስደርስ የለቅሶው ዳስ ተተክሎ ነበር፤ ሸራውን የተሸከመው የክንፉ ቀርከሃ ነው።

"እንዴት ታፈርሱታላችሁ?" አልኩት የአክስቴን ልጅ፣ ቀስ ብዬ።

"ታዲያ ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ይቀመጥ፣ ሓፍተይ? ደግሞ ሲያዩት ጠንካራ ነው።"

ክፋት የለበትም፤ ይበልጥ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ እንኳ ስለ ክንፉ አንድ ቃል አልተነሣም።

ዳሱ ሲነሣ ቀርከሃዎቹን ለቅሜ ልገጣጥማቸው ሞከርኩ። ለዳሱ ማቆሚያ ጉድጓድ እንዲመቹ ተቆርጠዋል። የቱ ከየቱ እንደሚገጥም የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።