አውድማ ላይ የተጠየቀው

አባቴ መንግሥት የሚባል አይወድም ነበር፤ የትኛውንም። ጣልያን ደብረ ታቦር ከመግባቱ በፊትም አሥራት ሰብሳቢ በመጣ ቁጥር፣ «ያረስኩት እኔ፣ ያረመችው ሚስቴ፤ መንግሥት የቱ ጋ ቆሞ ነበር? ሌባ እንኳ ሰርቆ ይደበቃል፤ እነዚህ ወስደው አመስግኑን ይሉናል» ይል ነበር። ጣልያን ሲመጣ ባንዲራው ተለወጠ እንጂ ስልቻው ያው ነበር። ጎረቤት ግትር ነው እያለ ያማው ነበር፤ መልስ የሰጠው ሰው ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።

በዚያ ዓመት በጋፋት በኩል ያለውን ገብሳችንን ውርጭ መታው። የተረፈው ሁሉ ቢገባልን እስከ ነሐሴ በጭንቅ ያደርሰን ነበር። እናቴ ደግሞ አራስ ናት፤ ትንሹ ወንድሜ ክርስትና ከተነሳ ገና ሳምንቱ ነው።

ጣልያኖች ግብር ገማች አድርገው የሾሙት የእናቴን ታላቅ ወንድም ነው። ጣልያኑ ራሱ ቢመጣ ይሻለን ነበር፤ ደንባችንን አያውቅም። በእኛ አገር አውድማ ላይ ቆሞ እህሉ አነሰ አይባልም፤ በረከቱ ይሸሻል። እፍኝም ቢሆን ሞልቷል ነው የሚባለው። አጎቴ እቤታችን ገብቶ ጠላ እየጠጣ መጠየቅ ይችል ነበር። አልጠየቀም። አባቴ መንሹን ይዞ እስኪቆም ጠበቀና ጫማውን አውልቆ፣ እንደ ጨዋ ሰው አውድማችን ገባ። ጸሐፊው ተከተለው።

«ይበርክት! እህሉ እንዴት ነው?»

አባቴ ክምሩን አየ፤ ልጅ የታቀፈችውን እናቴን አየ።

«ሞልቷል፣ ተመስገን» አለ።

«ሞልቷል ብለህ ጻፍ» አለው አጎቴ ለጸሐፊው።

አባቴ እስከ መንገዱ ሮጦ ተከተላቸው። ከአውድማው ርቆ ነውና አሁን አፉ ተፈታ። «ኧረ በእግዜር! ያዩት ክምር ያ ብቻ ነው፤ የእህትዎ ቤት እኮ ነው!» አለው።

«የተጻፈ አይፋቅም» አለ አጎቴ።

ከእህሉ ከግማሽ በላይ ጭነው ወሰዱ። በሰኔ ጎታው ተጠረገ፤ በሐምሌ የእናቴ ጡት ደረቀ። ልጁ ለማልቀስ እንኳ አቅም አጥቶ በነሐሴ ሞተ።

አጎቴ ለቅሶ ደረሰ። ከሁሉ አስበልጦ አለቀሰ። ከዚያ አባቴ አጠገብ ተቀምጦ፣ «ምን ነክቶት ነው?» አለ።

«እህል አንሶን» አለ አባቴ። ይህን ቃል ቤታችን ውስጥ ሲናገር ገና የዚያን ቀን ሰማሁት።

አጎቴ ዓይኑን በጋቢው ጠረገ። «ምነው ታዲያ ያኔ አውድማው ላይ እንዲህ ብትለኝ? እቀንስልህ ነበር እኮ» አለው።

 እናቴ ተነስታ ጎረቤት ካመጣው ንፍሮ ለወንድሟ ዘገነችለት። በሁለት እጁ ተቀብሎ በላ።