ስልሳ አራተኛው ዙር

ጋሮማ ነገሳ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ማራቶን መርቷል፤ አንዱንም አልጨረሰም። ስንፍና እንዳይመስላችሁ፤ ሥራው ነው። ጋሮማ አሯሯጭ ነው።

አሯሯጭ ምን እንደሚሠራ በደንብ ማወቅ ያስፈልጋል፤ በኋላ መድረክ ላይ የሆነው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነውና። የትልልቅ ውድድር አዘጋጆች ከፊት ሆኖ ፍጥነቱን የሚጠብቅ ሯጭ ይቀጥራሉ። ይህ ሰው ነፋሱን በደረቱ ይቀበላል፤ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በተነገረው ሰዓት፣ ሳያፈጥንም ሳያዘገይም ይሄዳል። አሸናፊ ለመሆን የመጡት ከጀርባው ተጠልለው ጉልበታቸውን ይቆጥባሉ። ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሥራው ያልቃል። አወጣጡም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ጋሮማ መጀመሪያ ከኋላው ያለውን ትንፋሽ ያዳምጣል። ትንፋሹ ተስተካክሎ ሁሉም በአንድ ምት መተንፈስ ከጀመሩ፣ ከእንግዲህ አያስፈልጋቸውም ማለት ነው። ያን ጊዜ ዞር ብሎ ያያቸዋል፤ አውራ ጣቱን ያነሳል፤ ሁለት እርምጃ ወደ ቀኝ ይወጣል፤ ውሃ ይቀበላል፤ ሲያልፉም ያጨበጭብላቸዋል። ቀርቦ ላየው ሰው እንዴት ያለ ጨዋ አወጣጥ መሰላችሁ!

ችግሩ ቀርቦ ያየው ሰው አለመኖሩ ነው። ደረቱ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት እንኳ ስሙን አይጽፍም፤ «ፔስ» ይላል፤ ፍጥነት ማለት ነው። የሱሉልታ ጎረምሶች ይህን በቴሌቪዥን አይተው ስሙን ቀየሩለት።

«ፔስ! ዛሬስ እስከ የት ነህ?» ይሉታል ታክሲ ተራው ላይ ሲሰለፍ።

«እስከ ጫንጮ።»

«እንግዲያስ ግማሽ መንገድ ላይ ወራጅ አለ በል!»

ይህን ሳቅ ጋሮማ ይችለዋል። የማይችለው የአባቱን ስልክ ነው። ኦቦ ነገሳ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላሞች የሚያረቡና ድርቆሽ የሚሸጡ የሰባ አንድ ዓመት አዛውንት ናቸው። የልጃቸውን ሩጫ የሚያዩት የሺወርቅ ሻይ ቤት ነው። የሺወርቅ ቴሌቪዥን ያላት፣ ምላስም ያላት ሴት ናት። ጋሮማ ከፊት ሲታይ ሻይ ቤቱ በጩኸት ይናወጣል፤ ከዚያ ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ካሜራው ከመሪዎቹ ጋር ይሄዳል፤ ጋሮማ የለም።

«ኦቦ ነገሳ፣ ልጅዎ እኮ እንደ ሰፈራችን መብራት ነው» ትላለች የሺወርቅ። «ደህና ሲያበራ ይቆይና ልክ ሲፈለግ ጥፍት!»

ኦቦ ነገሳ የሻያቸውን ከፍለው ይወጣሉ። ማታ ግን ልጃቸው ወዳለበት ባሕር ማዶ ይደውላሉ።

«ጨረስክ?»

«አባባ፣ ነግሬዎታለሁ እኮ። እኔን የሚቀጥሩኝ እንድጨርስ አይደለም።»

«ገባኝ። ጨረስክ ወይ?»

«አልጨረስኩም።»

«እሺ። ደህና ግባ።»

አባትየው ክፉ ሰው አይደሉም። የማሳውን ሁለት ሦስተኛ አርሶ በሬዎቹን ለጎረቤት የሚያስረክብ ገበሬ ግን በዕድሜያቸው አላዩም። ጋሮማ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሲሞላውና ጉልበቱ ደረጃ ላይ መጮህ ሲጀምር አንድ ነገር ብቻ ፈለገ፤ ጫማውን ከመስቀሉ በፊት አባቱ ዓይናቸው እያየ አንድ ነገር እስከ መጨረሻው መሮጥ። ምን እንደሚሮጥ ግድ አልነበረውም።

እንዲህ እያሰበ ሳለ ሀሴት መጣች። ሀሴት ቡራዩ ያደገች የዳንስ አሠልጣኝ ናት። የምትሠራው ኮንቴምፖራሪ የሚባለውን ዳንስ ነው፤ ቋሚ እርምጃ የለውም፤ መራመድ፣ መውደቅ፣ መነሳት፣ ሰው ላይ መደገፍ ሁሉ ዳንስ ይሆናል። አንድ ጠዋት ሱሉልታ ጫካ ውስጥ ጋሮማ ሃያ ሯጮችን በአንድ መስመር አስከትሎ በባሕር ዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዘ ሲያሟሙቅ አየች። ቆማ ቀረች።

«ይህን ዳንስ ማን ነው የፈጠረው?»

«ዳንስ አይደለም እህቴ፤ ማሟሟቂያ ነው።»

«እሱን ለእኔ ተወው» አለች።

ያዘጋጀችው ትርዒት የአንድ ሰርግ ታሪክ ነው፤ ሙዚቃው ደግሞ ክሌዝመር። ክሌዝመር በምሥራቅ አውሮፓ ይኖሩ የነበሩ አይሁዶች የሰርግ ሙዚቃ ነው፤ ሳታውቁት ብትቀሩ ይቆጨኛል። ሙዚቀኞቹ መጀመሪያ ሙሽራዋን ያስለቅሷታል፤ ይህ ከሥራቸው አንዱ ነው። ክላርኔቱ ዜማው መሀል ላይ እንደ ሰው ሳግ ይተናነቀዋል፣ ወዲያው ደግሞ ይስቃል። ከዚያ ጭፈራው ይጀመራል፤ ዜማው ቀስ ብሎ ይነሳና ሳያስታውቅ እየፈጠነ፣ እየፈጠነ ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ ጨፋሪው በእግሩ ይሁን በዜማው እንደቆመ አያውቅም። ለሀሴት ትርዒት ይህ ሙዚቃ በቻምበር መልክ ተሰናድቷል፤ አራት መሣሪያዎች ተጠጋግተው፣ ያለ መሪ፣ እርስ በርስ እየተደማመጡ ይጫወቱታል። ቫዮሊን የምትጫወተው ሊያ፣ አኮርዲዮኑና ቼሎው ከፖላንድ የመጡ ናቸው። ክላርኔቱን የያዘው ግን እስራኤል ነው፤ ሰበታ በሚገኝ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠራ፣ ከአንድ ጡረታ የወጡ የፖሊስ ኦርኬስትራ አባል ክላርኔት የተማረ፣ እሑድ እሑድ በቸርች የሚጫወት ቀጭን ሰው። የአንቺሆዬን ቅኝት የለመደ ጆሮው ክሌዝመርን ሲሰማ «ዘመድ ባይሆን ጎረቤት ነው» አለ፤ በሦስት ሳምንት ለመደው። በየአዳራሹ ሰው ስሙን እየሰማ ስለ ኢየሩሳሌም ይጠይቀዋል።

«እኔ ከሆሳዕና ነኝ» ይላል እሱ በትዕግሥት።

የጋሮማ ድርሻ የመጨረሻው ጭፈራ ነው። ስፋቱ ስምንት ሜትር የሆነ ክብ መድረኩ ላይ ይሠመራል፤ ዙሩ ሃያ አምስት ሜትር ይመጣል። ዘጠና ስድስት ዙር ይሮጣል፤ ራሷን ሀሴትን ጨምሮ ስድስት ዳንሰኞች ክቡ ውስጥ እየጨፈሩ አንድ በአንድ ይወድቃሉ፤ በመጨረሻዋ ድምፅ ላይ ቆሞ የሚቀረው እሱ ብቻ ነው። «የማያልቀው ሰው» አለችው ሀሴት። ጋሮማ ይህን ሲሰማ በዚያው ቀን ለአባቱ ነገራቸው።

ልምምዱ ግን በጠብ ተጀመረ። በአሥረኛው ዙር ጋሮማ ቆመ።

«ይቅርታ፤ ፈጥናችኋል።»

ሀሴት ተረጎመች። አኮርዲዮን ተጫዋቹ ግራ ገባው፤ «መፍጠን አለብን» አለ።

«ማን አዘዛችሁ?»

«ዜማው።»

«ስንት ሰከንድ በዙር?»

ማንም አላወቀም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰከንድ ሲጠብቅ ለኖረ ሰው ይህ ብልግና ነው። በመጨረሻ ሊያ እየሳቀች በወረቀት ላይ ሠራችለት፤ የመጀመሪያው ዙር ዘጠኝ ሰከንድ፣ የመጨረሻው ስድስት፣ መካከሉ በቀስታ የሚወርድ። ጋሮማ በቃሉ ያዘው። ከዚያ ወዲያ ሙዚቀኞቹ እሱን ይከተሉት ጀመር። ሊያ በሃያ ዓመት ውስጥ እንዲህ በሰዓቱ ያበደ ሰርግ አጅባ አታውቅም።

በእረፍት ሰዓት ሊያ በሀሴት አስተርጓሚነት ስለ ሥራው ጠየቀችው። ሲያስረዳት ራሷን ነቀነቀች።

«የድሮዎቹ ክሌዝመሮችም እንዳንተ ነበሩ። ሰርገኛውን ከፊት ሆነው ይመራሉ፤ ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ እነሱ ይቀራሉ።»

«ምግብስ?»

«በጓሮ በር።»

«ለእኛ ሙዝ ይሰጡናል» አለ ጋሮማ።

የመጀመሪያው ትርዒት ሱሉልታ፣ በአንድ የሯጮች ማሠልጠኛ የስብሰባ አዳራሽ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሆነ። አዳራሹ ከመለማመጃው ይሰፋል፤ ሀሴት ይህን ስታይ በመጨረሻው ደቂቃ አንድ ነገር ለወጠች። ዳንሰኞቹ ክቡ ውስጥ መሆናቸው ቀርቶ ልክ እንደ ጫካው በመስመር ጋሮማን ይከተሉታል፤ ከሰባኛው ዙር ጀምሮ አንድ በአንድ ይወድቃሉ። ትንሽ ለውጥ ናት። ማንም አላሰበባትም።

ከአዲስ አበባ በመኪና የመጡ እንግዶች አንድ ወገን ተቀመጡ፤ የሱሉልታ ሰው ሌላ ወገን። ኦቦ ነገሳ ካፖርታቸውን ለብሰው ፊት ወንበር ላይ ከየሺወርቅ ጎን ነበሩ። ዳንሰኞቹ ለረጅም ጊዜ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ።

«እስክስታው መቼ ነው?» አሉ ኦቦ ነገሳ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ።

«ገና እያሟሟቁ ነው» አለች የሺወርቅ።

የእስራኤል ክላርኔት ሙሽራዋን ማስለቀስ ሲጀምር የሺወርቅ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ማን ሞቶባት ነው?»

«ሰርጓ ነው አሉ።»

«እንግዲያስ ታልቅስ።»

ከዚያ ጋሮማ ገባ። አዳራሹ ልክ እንደ ሻይ ቤቱ ተናወጠ። ኦቦ ነገሳ ከወንበራቸው ተነሥተው «ጀባዱ! በርታ!» እያሉ ጮኹ፤ ዙሩንም በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። ጋሮማ በሰዓቱ ነበር። ሃያ፣ አርባ፣ ስልሳ። ሙዚቃው ይፈጥናል፤ ሰው በሁለት ወገን ያጨበጭባል፤ ከጀርባው ስድስት ሰው ይከተለዋል። ስልሳ ሦስተኛው ዙር ላይ የስድስቱ ትንፋሽ ተስተካከለ። እንደ አንድ ሰው ተነፈሱ።

ስልሳ አራተኛው ዙር ላይ ጋሮማ ዞር ብሎ አያቸው። አውራ ጣቱን አነሳ። ሁለት እርምጃ ወደ ቀኝ ወጣ። መድረኩ ጥግ ላይ የአንዷን ዳንሰኛ የውሃ ጠርሙስ አንስቶ ጠጣ፤ ሲያልፉም ያጨበጭብላቸው ጀመር።

የት እንዳለ የገባው በሦስተኛው ጭብጨባ ነው። ጭብጨባውን አቆመ። ቀና ሲል አባቱን አያቸው፤ ጣታቸው ስልሳ አራት ላይ ቆሟል።

ከጀርባው ቀጥላ የነበረችው ሀሴት ዓይኗ ፈጥጦ መሪነቱን ያዘች፤ ሌላ ምን ታድርግ? ሮጡ፣ አንድ በአንድ ወደቁ፣ በመጨረሻም እሷ ወደቀች። ክቡ ባዶ ቀረ። የእስራኤል ክላርኔት ማንም ለማይሮጥበት ዙር ጥቂት ተጫውቶ ዝም አለ። ቀጥሎ ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ።

ከመጋረጃው ጀርባ ሀሴት ደረሰችበት።

«ምን ሆነህ ነው አንተ?!»

«ትንፋሻችሁ ተስተካከለ።»

«ምን አልክ?»

«አላስፈልግም ነበር እኮ።»

ልትመልስ አፏን ስትከፍት ከእንግዶቹ አንዱ፣ መነጽር ያደረገ ረጅም ሰው፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ መጣ። እንዲህ ያለ አወጣጥ መድረክ ላይ አይቶ አያውቅም፤ ያቺ አውራ ጣት፣ ያ ውሃ፣ ያ ጭብጨባ! እዚህ ለመድረስ ስንት ጊዜ እንደፈጀበት ጋሮማን ጠየቀው።

«አሥራ ሁለት ዓመት» አለ ጋሮማ። እውነቱን ነው።

ሀሴት አፏን ዘጋች። ሰውየው ሲሄድ «በቃ፣ እንዲሁ ይቀጥላል» አለች።

ጋሮማ አባቱን ደጅ አገኛቸው። «ጨረስክ?» እንዲሉት ጠበቀ። ኦቦ ነገሳ ግን ሌላ ጠየቁት።

«በቴሌቪዥን ስትጠፋ የምታደርገው ይህን ነው?»

«አዎ አባባ።»

«እኔ እኮ በየጊዜው የወደቅህ ይመስለኝ ነበር።» ካፖርታቸውን ቆለፉ። «ውሃ ነው የሚሰጡህ?»

«ውሃ። አንዳንዴ ሙዝ።»

«እነሱ እየወደቁ አንተ ቆመህ ታጨበጭባለህ።»

«እንደዚያ ነው።»

ኦቦ ነገሳ ነገሩን ከድርቆሽ ዋጋ ባላነሰ ጥንቃቄ መዘኑት። «ይሄማ ሹመት ነው» አሉ።

እንግዲህ ጋሮማ ያልጠየቀውን አገኘ፤ የጠየቀውን አጣ። ቀጥሎ የተያዘው የቡራዩው ትርዒት ማስታወቂያ ላይ አውራ ጣቱን አንስቶ ሲወጣ የሚያሳይ ፎቶ ወጣ። ኦቦ ነገሳ ቡራዩም ሄዱ፤ ከስልሳኛው ዙር ጀምሮ ጎረቤታቸውን በክርን እየነኩ «አሁን እየው፣ አሁን!» ይሉ ነበር። የሺወርቅም ቀልዷን ጣለች፤ ሹመት ያለው ሰው ላይ አይቀለድም።

የመጨረሻው ትርዒት ሰበታ፣ በአንድ ሰርግ አዳራሽ ነበር። ጋሮማ ጠዋት ሀሴትን ለመናት።

«አንዴ ብቻ ልጨርስ። አባቴ መጥተዋል።»

«አባትህ ማዶ ሆነው ለዘበኛው ስለ አውራ ጣትህ እየነገሩት ነው» አለች። «አንተ ከጨረስክ እኮ ትርዒቱ ተበላሸ።»

በስልሳ አራተኛው ዙር ወጣ፤ ተጨበጨበለት። ሰው ወጥቶ ካለቀ በኋላ ገና ፀሐይ ነበረች። የአዳራሹ ሠራተኞች ለነገው ሰርግ ወንበር ይደረድራሉ፤ ክቡ ግን ገና ወለሉ ላይ ነበር። ጋሮማ ካቆመበት ጀመረ፤ ስልሳ አምስተኛው ዙር፣ በሰባት ሰከንድ። ክላርኔቱን ፈታትቶ ሳጥኑ ውስጥ እያስገባ የነበረው እስራኤል አየው፤ አልጠየቀም። መልሶ ገጣጠመና ዜማውን ከዚያው ከቆመበት ቀጠለ። ወንበር የሚደረድሩት ሴቶች «ዞር በል እንጂ!» እያሉ፣ ሠላሳ ሁለት ዙር። የመጨረሻዎቹ በስድስት ሰከንድ ሆኑ፤ ጉልበቱ ጮኸ። በመጨረሻዋ ድምፅ ላይ ክቡ መሀል ቆመ።

ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ኦቦ ነገሳ እዚያው ነበሩ፤ ጀርባቸውን ሰጥተው። ካፖርታቸውን ሰብስበው፣ ለዘበኛው እያሳዩት ነው፦ በቀስታ ዞር አሉ፣ አውራ ጣታቸውን አነሱ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ሁለት እርምጃ ወደ ቀኝ ወጡ። ከዚያ አጨበጨቡ። ዘበኛውም አጨበጨበ።

ጋሮማ እስኪጨርሱ ጠበቀ። አወጣጣቸው እንከን አልነበረውም፤ ቀኝ እግራቸው ብቻ ትንሽ ፈጥናለች።

«አባባ፣ እንሂድ።»

ዞሩ። ላቡን አዩ፤ ከየት እንደመጣ አልጠየቁም።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ» አለ ጋሮማ።

«እንግዲያስ ጃኬትህን ልበስ» አሉ። «እስከ ሱሉልታ ሁለት ታክሲ ይቀረናል።»