የሚበርና የሚበረክት

የካዛንቺሱ መካኒክ ጦይብ ያን ሞተር ሲሠራ አራቱን ፒስተኖች በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ወርቅ ቤት ወሰዳቸው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ወርቅ ሠሪው።

«መዝንልኝ። አንዱ ከሌላው በፀጉር ቢበልጥ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። የሚንቀጠቀጥ ነገር ደግሞ አይበረክትም።»

«ቆይ፣ ልታገባ ነው ወይስ ሞተር ልትሠራ?»

«ሁለቱንም።»

ተሳሳቁ። ጦይብ ግን እየቀለደ አልነበረም።

ነገሩ የተጀመረው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ከኡራኤል ወደ ካዛንቺስ በሚያወጣው መንገድ ዳር በነበረች የቆርቆሮ ጋራዥ ነው። ጋራዧ የጋሽ ወልደአረጋይ ነበረች። ሙያውን ከጣሊያኖች የተማሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጦይብን ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው። ከጋራዧ ፊት ለፊት የሐጂ ዓብዱልሀኪም ጨርቅ ቤት ነበር። ጨርቅ ቤቱ ውስጥ ደግሞ፣ ከጣቃዎቹ ጀርባ፣ ሴት ልጃቸው ጁወይሪያ ነበረች።

ጦይብ አንዲት አሮጌ ኮሮላ ነበረችው። ከተጋጨ ፒካፕ ላይ የወለቀ ቱርቦ አግኝቶ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሯ ላይ ገጠመላት። ታሪኩን ሲያወራልኝ ቱርቦ ምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ «ወናፍ ነው በቃ» አለኝ። «ባለ እጅ ከሰሉን በወናፍ እንደሚያነደው፣ ቱርቦም ሞተሩን አየር ያጠጣዋል። ወናፉን የሚያሽከረክረው ደግሞ ሞተሩ የተፋው ጭስ ራሱ ነው።» የገዛ ትንፋሹ መልሶ የሚያበረታው ብረት!

ያቺ የመጀመሪያ ሙከራ ግን ጨርቅ ቤቱ ፊት ለፊት ፈነዳች። ጥቁር ጭስ ገብቶ ነጩን አቡጀዲ ሁሉ አጠቆረው። ሐጂ በሩ ላይ ቆመው ጦይብን አዩትና፣ «አንተ ልጅ፣ ጮሌ ነህ» አሉት። «የምትሠራው ግን የሚበር እንጂ የሚበረክት አይደለም።»

ያቺ ቃል ሰፈሩን ዞረች። ጦይብ ባለፈ ቁጥር፣ «በረረ ወይስ በረከተ?» ይሉት ጀመር። እሱና ጁወይሪያ እንደሚዋደዱ አባቷ ስለሚያውቁ፣ ቃሉ ስለ ሞተር ብቻ እንዳልተነገረ እሱ ገብቶታል።

በዓመቱ የሐጂ ቤተሰብ ወደ ድሬዳዋ ተዛወረ። ቤተሰቡ ከመሄዱ በፊት ጋሽ ወልደአረጋይ ስለ ጋብቻው ሐጂን ለብቻቸው አነጋግረዋቸው ነበር። መልሱ እንዲህ ነበር፦

«ሽማግሌ ይላክ፣ አልከለክልም። ግን በዚያ በራሱ ሞተር ጭኗችሁ ይምጣ። ረመዳን ሊገባ ሲል፣ የሻዕባን የመጨረሻ ጁምዓ ቤቴ እጠብቃለሁ። ሌሎችም ልጄን ጠይቀውኛል፤ ፀሐይ ጠልቃ እስከ መግሪብ ሶላት ድረስ ቃሌን ለማንም አልሰጥም።»

እንግዲህ ጦይብ የሚበረክተውን መሥራት ያዘ። ፒስተኖቹን ብረት በሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት አናታቸውን አወፍሮ አሠራቸው። ወርቅ ቤት ካስመዘነ በኋላ ከባዱን በስሱ እየሞረደ ከቀላሉ ጋር አስተካከለ። የሞተሩ ክዳን የሚያርፍበትን ጓርኒሲዮን ከመዳብ ቆርጦ ሠራው፤ ተራው ይቃጠላላ። ዘይቱ እንዲቀዘቅዝ ሁለተኛ ትንሽ ራዲያተር ሰካ። ቸኩሎ ያጠበቀው አንድ ብሎን የለም።

ከኡራኤል የሕዝብ ስልክ ድሬዳዋ ይደውልላታል።

«አሁንም ትሞርደዋለህ?» ትለዋለች ጁወይሪያ።

«ትንሽ ቀረኝ።»

«እኔም ስጠብቅህ ተሞርጄ ላልቅ ነው!»

ሞተሩ ሲነሣ ደግሞ ሮዳጅ አለ። አዲስ ብረት ከአዲስ ብረት ጋር እስኪላመድ ሞተሩን ሳያስጨንቁ በዝግታ መንዳት ማለት ነው። ከካዛንቺስ ስታዲየም፣ ከስታዲየም ለገሃር፣ ከለገሃር ኡራኤል፣ ለወራት እንደ ቀብር መኪና ተንፏቀቀ። የታክሲ ረዳቶች አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው፣ «ኧረ ባለ ቱርቦው! አህያዋ እኮ ቀደመችህ!» ይሉታል። ይስቃል እንጂ ነዳጅ አይረግጥም። ትዕግሥቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ሮዳጁ ሲያልቅ ወደ እንጦጦ ረገጣት። ጋሽ ወልደአረጋይ ከጎኑ ነበሩ፤ ወንበሩ ላይ ተለጥፈው ፈጣሪያቸውን ጠሩ። ሲመለሱ ጦይብ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈታው። ሞተሩ ነዳጁንና አየሩን ልክ አድርጎ ማቃጠሉ የሚታወቀው በካንዴላው ቀለም ነው፤ ካዛንቺስ ውስጥ ልኩ ማኪያቶ ይባላል። ቀለሙ እውነትም ማኪያቶ ነበር። ጋሽ ወልደአረጋይ አገላብጠው አዩትና ግንባሩን ሳሙት።

«ይሄስ በረከተ፣ ልጄ።»

የቀጠሮው ሳምንት፣ «ሐሙስ እንውጣ» አሉ ጋሽ ወልደአረጋይ።

«ሐሙስማ ከወጣን አውቶቡስስ በሁለት ቀን ይደርስ የለ? ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ የለፋሁት ጁምዓ ጠዋት ወጥቼ ከዐስር ሶላት በፊት በራቸው ላይ ለመቆም ነው። ማለቴ፣ ይዩኝ እንጂ!»

ጁምዓ ሲነጋ ወጡ። ጋሽ ወልደአረጋይ ኩታቸውን ደርበው ከፊት፣ የጦይብ አጎትና የእድሩ ዳኛ ከኋላ ተቀመጡ። ናዝሬትን እንደ ጥይት አለፏት። አጎቱ «ቀስ በል» ማለት ጀምረው ተዉት፤ መኪናዋ አንድም ቦታ አላቃሰተችም። ወደ መተሐራ ቁልቁል ሲወርዱማ ይበልጥ በረታች። ጦይብ ይህንን ሲነግረኝ ዓይኑን ጨፍኖ ነው፤ «እንደዚያ ስትዘፍን ሰምቻት አላውቅም ነበር።»

መተሐራን እንዳለፉ ዘፈኑ ተቆረጠ። አንድ ድንጋይ በድስት ውስጥ የሚንከባለል ዓይነት ድምፅ፣ ከዚያ ነጭ ጭስ፣ ከዚያ ዝምታ። ጦይብ ዘሎ ወርዶ የጋለውን ኮፈን ሲያነሣ ሁለት እጁ ተቃጥሎ ተላጠ። ካንዴላዎቹን ፈታ። ማኪያቶ አልነበሩም፤ እንደ ኖራ ነጥተዋል። በካንዴላው ቀዳዳ ሲያይ አንዱ ፒስተን መሐል አናቱ ላይ ቀልጦ ተበስቷል።

ያኔ ገባው። ልኩን ያወጣው አዲስ አበባ ነው፤ የሞከረው ከአዲስ አበባም ከፍ ባለው እንጦጦ ነው። እዚያ አየሩ ስስ ነው። ቆላ ሲወርዱ አየሩ ይወፍራል፤ ወናፉ ወፍራሙን አየር ሲያጎርሰው ነዳጁ ግን እዚያው በካዛንቺስ ልክ ቀረ። ሞተሩ አየር በዝቶበት፣ ነዳጅ አንሶት፣ በገዛ ሙቀቱ ቀለጠ። ያ ሁሉ ዘፈን ትኩሳት ኖሯል። አየር እንዲህ ይገድላል ብሎ ማን ያስባል?

በአቅራቢያቸው ስልክ አልነበረም፤ በመንገዱ የሚያልፉት የጭነት መኪኖችም ዕቃ የጫኑ፣ ሞልተው የፈሰሱ ነበሩ። አራቱን ሰው የሚወስድ የተገኘው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ድሬዳዋ የደረሱት በማግሥቱ ጠዋት ነው።

ሐጂ ዓብዱልሀኪም በክብር ተቀበሏቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር።

«ትናንት እዚህ በር ላይ ነበርኩ» አሉ። «ሌሎቹ ሽማግሌዎች ሳሎን ተቀምጠው እኔ ውጭ ቆሜ። ጆሮዬ የሞተር ድምፅ ይጠብቅ ነበር። የመግሪብ አዛን አለ። ገባሁና ቃሌን ሰጠሁ።»

ከአፍ የወጣ ቃል ከእጅ የወደቀ እንቁላል ነው።

ጁወይሪያ ለእንግዶቹ ውኃ ይዛ ገባች። ሁሉንም አዳርሳ ጦይብ ጋ ስትደርስ እጁን አየችው።

«ተቃጥለሃል» አለችው።

ውኃውን ፊቱ አስቀምጣ ወጣች።

ጦይብ መኪናዋን አስጎትቶ መለሳት። ዓመታት አለፉ፤ ጋሽ ወልደአረጋይ ዐረፉ፤ ሰፈሩ ለልማት ሲፈርስ ጋራዧም ጨርቅ ቤቱም አብረው ፈረሱ። እሱ ቂርቆስ ሌላ ቦታ ተከራይቶ ያንኑ ሞተር ሠራው፤ አዋሽ ድረስ እየወረደ፣ ካንዴላ እየፈታ፣ ነዳጁን እያስተካከለ። አላገባም። ደንበኛ ሞተር ሊያሠራ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው፣ «ወዴት ነው የምትወርድበት?» ብሎ ነው።

አንድ ጁምዓ ጠዋት ለማንም ሳይናገር ወጣ። ናዝሬትን፣ መተሐራን፣ አዋሽን አለፈ። ከዐስር በፊት ድሬዳዋ፣ ያው በር ላይ ቆመ። ጁወይሪያ ከባሏና ከልጆቿ ጋር ጅቡቲ ከሄደች ቆይታለች፤ ያውቃል። ሐጂ ዓብዱልሀኪም አርጅተው፣ ዓይናቸው ፈዝዞ፣ በሩ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። ጦይብ ሞተሩን አላጠፋም። ሽማግሌው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ረጅም ጊዜ አዳመጡ።

«ጦይብ ነህ?»

«ነኝ፣ ሐጂ።»

«በረከተ?»

«በረከተ።»

ሽማግሌው በእጃቸው ዳብሰው ከጎናቸው በርጩማ ሳቡለት። ሞተሩን አጥፍቶ ተቀመጠ። የመግሪብ አዛን እስኪል ድረስ እዚያው በሩ ላይ ቆዩ።