የኦቦ ዑመር ጉድጓድ

በደርግ ጊዜ አሰበ ተፈሪ ተመድቤ ስሠራ፣ ጥንታዊ ቤቶችን እንድመዘግብ ቦኬ ተላክሁ። የሽማግሌውን የኦቦ ዑመርን የእርሻ ግቢ ሳይ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የድንጋይ ግድግዳውን ለክቼ ስጨርስ፣ ቅድመ አያታቸው ያስቆፈሩትን የእህል ጉድጓድ ከፈቱልኝ። አፉ ጠባብ ነው፤ ሆዱ ግን ቤት ያህላል። ሜትሬን ይዤ ልወርድ ስል ክንዴን አፈፍ አደረጉ።

«ቆይ! መጀመሪያ ዶሮ ይገባል።»

አንድ አውራ ዶሮ ቅርጫት ውስጥ አስረው በገመድ አወረዱ። እኔ በንዴት ጦፍኩ። ማስታወሻዬ ላይ «ለጉድጓድ ዶሮ ይገብራሉ» ብዬ ጻፍኩ።

«በዚህ ዘመን አጉል እምነት! አያፍሩም?» አልኳቸው።

ቅርጫቱን ስበው ሲያወጡት ዶሮው ሞቷል። ሜትሩ ከእጄ ወደቀ።

«ተዘግቶ የቆየ ጉድጓድ አየሩ ይገድላል» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ወንድሜ ሲገባ ዶሮ አላስቀደምንም።»