የከሰዓት በኋላ አንባቢዎች

አሰብ ላይ ፀሐይ የምትወጣው ልታበራ ሳይሆን ሰው ልትቆጣ ነው። ከስድስት ሰዓት በኋላ ሱቁ ይዘጋል፣ ባለታክሲው መኪናውን ጥላ ሥር አቁሞ ይጋደማል፣ ፍየሏ እንኳ የግድግዳ ጥግ ይዛ ዓይኗን ትከድናለች። የነዳጅ ማጣሪያ ቴክኒሻን ባሏን ተከትላ ከደሴ ከወረደች አሥራ ስድስት ዓመት የሆናት የሻሽወርቅ ይህን ጠባይ ለምዳዋለች፤ ለምዳም ግጥም አውጥታለታለች። የምትሠራበትን የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ስትወለውል ታንጎራጉራለች፦

የአሰብ ፀሐይማ ቀጣሪ ናት ክፉ፣
ላብን ታሠራለች ሰዎች ሲያንቀላፉ።

በፈረንጆቹ 1996 ግን ይህን ዘፈን ያልሰሙ አዲስ የኮሌጅ አስተዳዳሪ ከደጋ መጡ። አቶ ሰርፀ ይባላሉ፤ በዚያ ሙቀት ከረባት አይፈቱም። ሐሳባቸው ደግ ነበር። የቸገራቸው ተማሪዎች በቀን ሁለት ሰዓት ግቢው ውስጥ ሠርተው ለምሳቸው እንዲያገኙ ፈቀዱ። ትምህርቱ እስከ ስድስት ሰዓት ስለሆነ የሥራውን ሰዓት ከስምንት እስከ አሥር አደረጉት። በዚያ ሰዓት አሰብ እንደሚተኛ ማን ይንገራቸው? እሳቸው እንደሆኑ ከቢሯቸው ኤር ኮንዲሽነር ሥር ወጥተው አያውቁ!

ለቤተ መጻሕፍቱ የደረሰው ኸባብ ነው። የበይሉል መንደር ዓሣ አስጋሪ ልጅ፣ የሦስተኛ ዓመት የመርከብ ሞተር ተማሪ፣ ለቀልድ እንኳ የማይዋሽ መለሎ። የመጀመሪያው ወር አንድ አንባቢ ሳይመጣ አለቀ። አቶ ሰርፀ ባዶውን የአንባቢዎች መዝገብ አገላብጠው ቁርጡን ተናገሩ።

“ወይዘሮ የሻሽወርቅ፣ ሥራ በሌለበት ሠራተኛ የለም። በዚህ ወር በቀን ሃያ አንባቢ ካላየሁ ልጁ ይሰናበታል።”

ቅጠል እንዳይቀደድም መዝገቡን ገጽ በገጽ ማኅተም መትተው መለሱላት።

ኸባብ ወሬውን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። “ይህ ሥራ ከቀረ እኔም ወደ አባቴ መረብ ነኝ፣ እትዬ የሻሽ። እስከ ሦስተኛ ዓመት ደርሻለሁ፣ አልሐምዱሊላህ።”

“አፍህን ያዝ! ምስጋናው ስትመረቅ ይደርሳል!” አለችው። ዞር ስትል ግን ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ አበሰች፤ እሷ ስትከፋም ግጥም ነው የሚቀድማት።

ባሕሩማ ሞልቶታል ዓሣና አሳዳጁ፣
ለመደርደሪያዬ ይቅርልኝ ልጁ።

በማግስቱ ቤተ መጻሕፍቱ ያለውን ሀብት ቆጠረች። ሁለት የጣሪያ ቬንቲሌተር፤ የከተማው መብራት ሲጠፋ የሚነሳ የኮሌጅ ጀነሬተር። ሌላ ምን ያስፈልጋል? በቀጥታ ወደ ባለሱቁ ወደ ጋሽ ፈረጅ ሄደች።

“ጋሽ ፈረጅ፣ ከሰዓት የት ነው የሚተኙት?”

“ወላሂ፣ ምን እተኛለሁ? እጠበሳለሁ እንጂ!”

“እኔ ዘንድ ሁለት ቬንቲሌተር ይዞራል። ይምጡና አንድ መጽሐፍ ይያዙ።”

“መነጽሬ ተሰብሯል እኮ።”

“ማን ያንብቡ አለዎት? ይያዙ ነው ያልኩ።”

ወሬ በአሰብ ከነፋስ ይፈጥናል። በሳምንቱ የወደብ ክሬን ነጂዎች፣ ባለታክሲዎች፣ መምህራኑ ሳይቀሩ ቤተ መጻሕፍቱን ሞሉት። ኸባብ ከስምንት እስከ አሥር እግሩ አላረፈም። ውኃ ያድላል፣ ወለሉ ላይ ሰሌን ያነጥፋል፣ የሚያንኮራፋውን ቀስ አድርጎ በጎኑ ያዞራል፣ ሁሉንም ይመዘግባል። የሻሽወርቅ ደስታዋ ወሰን አጣ። ወሩ ባለቀበት ቀን ብቻ መዝገቡን ገለጠችው፤ ገልጣም ደረቷን ይዛ አነበበች።

“ጋሽ ፈረጅ። የወሰዱት መጽሐፍ፦ የመርከብ ሞተር ጥገና፣ ቅጽ ሁለት። ዓላማ፦ ለትራስ።”

“ባለታክሲ ክንፈ። የዓለም ካርታዎች። ዓላማ፦ ለአንሶላ።”

“መምህርት ቤዛ። መዝገበ ቃላት። ዓላማ፦ ለትራስ፤ አንገቴን አሳመመኝ ብላ በቀጭን ቀይራለች።”

“አንተ ልጅ፣ ገደልከኝ! ‘ለንባብ’ ብትል ምን ነበረበት?”

“ጋሽ ፈረጅ መጽሐፉን ዘቅዝቀው ነው የያዙት። በአላህ ፊት ንባብ ልበለው?”

ለመቅደድ እንዳትሞክር ማኅተሙ አፍጥጦ ያያታል። ይህን ሲነጋገሩ በሩ ተከፈተ። አቶ ሰርፀ ሊቆጣጠሩ መጥተው ነበር። ከቢሯቸው እስከዚህ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ሆኖም ፀሐይዋ መንገድ ላይ አግኝታቸው ከረባቱ አንገታቸው ላይ እንደ እርጥብ ገመድ ተጠምጥሟል። አርባ ሦስት ሰው ተዘርሮ ሲያዩ ለጩኸት አፋቸውን ከፈቱ።

ኸባብ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። “ጌታዬ፣ ጸጥታ። የቤተ መጻሕፍቱን ደንብ የፈረሙት እርስዎ ነዎት።”

“ይህ ምንድን ነው?” አሉ በሹክሹክታ፣ ተቆጥተው።

“እሱማ ያስቆጣል” አለች የሻሽወርቅ ወንበር እየሳበች። “ግን ተቀምጠው ይቆጡ፤ ላብዎ እስኪደርቅ።”

ተቀመጡ። ኸባብ ውኃ ሰጣቸው። መዝገቡን ገለጡ፤ ከላይ ቬንቲሌተሩ እሹሩሩ ይላል። ሁለተኛው ገጽ ላይ መነጽራቸው ወረደ፤ ሦስተኛው ላይ ግንባራቸው። የነቁት ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው፤ በላብ የረጠበው ማኅተም ግራ ጉንጫቸው ላይ ተገልብጦ ታትሟል። ሊወጡ ሲነሱ ኸባብ በአክብሮት መንገድ ዘጋባቸው።

“ሲወጡ መፈረም አለብዎት።”

እያዩት መዝገቡ ላይ ጻፈ። “አቶ ሰርፀ። የወሰዱት መጽሐፍ፦ ይህንኑ መዝገብ። ዓላማ፦ ለቁጥጥር መጥተው፣ ለትራስ። ሁለት ጊዜ ቢቀሰቀሱ ‘ቆይ ትንሽ’ ብለዋል።”

“ይህ መዝገብ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይሄዳል?”

“አዎ ጌታዬ፣ በየወሩ መጨረሻ፤ ዛሬ ነው ቀኑ።”

አሁን ልጁ አለቀለት፣ አለች የሻሽወርቅ በልቧ። አቶ ሰርፀ ግን ክፍሉን ዞር ብለው አዩት።

“ይህ ሁሉ ሰው ሲተኛ አንድ ሰው እንኳ ሲያንኮራፋ አልሰማሁም። እንዴት ነው?”

“አዞራቸዋለሁ። እርስዎን ብቻ አራት ጊዜ አዙሬዎታለሁ።”

አስተዳዳሪው ጉንጫቸውን አሻሹ። ከዚያ ብዕሩን ተቀብለው ፈረሙ፤ ከፊርማቸው በታች እንዲህ ሲሉ ጻፉ፦ “በቤተ መጻሕፍቱ ከሰዓት በኋላ ከባድ ሥራ መኖሩን በአካል ተገኝቼ አረጋግጫለሁ። ሠራተኛው እስኪመረቅ ይቀጥል።”

የሻሽወርቅ እልልታዋን በነጠላዋ አፍና ዋጠችው፤ ጋሽ ፈረጅ ገና አልነቁም ነበርና።