ጥለቱ ከላይ

ሰሞኑን አንድ የባህል ልብስ ድርጅት የምስረታ በዓሉን መጽሐፍ ላከልኝ። ወረቀቱ ያንሸራትታል፤ ሽታው አዲስ ጫማ ጫማ ይላል። ስለ ቅርስ ብዙ ያወራል፤ ስለ ለባሹ ምንም። በየገጹ ግርጌ የነጠላ ጥለት ታትሟል። እሱን ሳይ እጄ ሳያማክረኝ መጽሐፉን ዘቀዘቀው።

በደርግ ጊዜ ላሊበላ ነበርኩ፤ ስዕል የምሞካክር፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ወጣት። የሸማኔዎች ማኅበሩን የምስረታ በዓል መጽሐፍ እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። የምሠራበት የሸማኔዎቹ ክፍል የጥጥ ብናኝና የማባዣ መኪና ቀለም ይሸት ነበር። መወርወሪያው ቀኑን ሙሉ ሲንኳኳ እኔም አብሬው እቁነጠነጥ ነበር።

አጠገቤ የሚፈትሉት እናት ልጃቸው በዚያው ሰሞን ተረሽኖ ነበር። ሐዘን የደረሰባት ሴት ነጠላዋን ትዘቀዝቃለች፤ ጥለቱ ከእግር ወደ ትከሻ ይወጣል። ለእሳቸው ግን ለቅሶውም ነጠላ መዘቅዘቁም ተከልክሎ ነበር። አንድ ቀን ዘቅዝቀው መጡ። የማኅበሩ ካድሬ በር ላይ ጠበቃቸው።

«እናት፣ ነጠላዎ ተዘቅዝቋል።»

«ዓይኔ ደክሞ ነው፣ ጓድ።»

«እንግዲያው እኛ እናይልዎታለን።»

እዚያው ቆሞ ነጠላውን አስገለበጣቸው።

ሲሄድ እንዝርታቸውን አንስተው ወደ ሥራዬ አዩ።

«አንተ ልጅ፣ ወረቀትም ጥለት አለው?»

«አለው፣ እናቴ።»

«ከላይ ነው ከታች?»

ከታች ነበር ያሰብኩት። «ከላይ» አልኩ።

የማባዣው ወረቀት ሰም የተቀባ ነው፤ አንዴ የጫሩት አይመለስም። በየገጹ አናት ላይ ጥለቱን ጫርኩ፣ በካድሬው ንግግር ላይ ጭምር። ካድሬው ሊያጸድቅ መጥቶ የገጹን አናት አየ።

«ይሄ ጌጥ እላይ ምን ይሠራል?»

«ባንዲራስ ከላይ አይደል የሚሰቀለው፣ ጓድ?»

«ንቃትህ ጥሩ ነው» አለና ፈረመ። እንደዚያ ተመስግኜ አላውቅም።

በበዓሉ ዕለት መጽሐፉ ታደለ። እኚያ እናት ማንበብ አይችሉም፤ በየገጹ አናት ጣታቸውን እየሳቡ እስከ መጨረሻው ገለጡት። አጠገባቸው ያሉት ሴቶች አዩ፤ ገባቸው። ካድሬው ንግግሩን ጨርሶ ሲጨበጨብለት፣ በጭብጨባው ውስጥ «እግዜር ያጥናዎ» ይሏቸው ነበር፤ አንዷ፣ ቀጥሎም ሌላዋ። እሳቸውም እንደ ወጉ አንገታቸውን ደፉ።

መጽሐፉን ደረታቸው ላይ አድርገው ነጠላቸውን ደረቡበትና ወጡ። የነጠላው ጥለት እንደታዘዘው ከታች ነበር።