ወደ ጠርሙሱ የተመለሰው ጠብታ

ቃሊቲ በነበረው ቤተ ሙከራችን ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ዶክተር መኮንን የምስር ፍሬ የምታክል የኒኬል ወንፊት ሰጡኝ። "ይቺን በመቆንጠጫ ይዘሽ ሳትጥያት ከዋልሽ ነገ ነይ" አሉኝ። ሦስት ጊዜ ጣልኳት። በማግስቱ ግን ሄድኩ።

ሥራችን ከታማሚ ኩላሊት የተወሰደ ሥጋ እጅግ በስሱ መቁረጥ፣ ወንፊቷ ላይ ማሳረፍ፣ ከዚያ በአንቲቦዲ ጠብታ ላይ ማንሳፈፍ ነበር። አንቲቦዲው የሚፈልገውን ፕሮቲን ይይዛል፤ ቀጥለን የምንጨምረው የወርቅ ቅንጣት ደግሞ አንቲቦዲውን። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ወርቁ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል። ሁለት ዓይነት አንቲቦዲ በሁለት ጠርሙስ ነበረን፤ እያንዳንዱ የራሱን ፕሮቲን ብቻ ስለሚይዝ ለየብቻው ወንፊት እንሠራለታለን፤ ኩላሊቱ ውስጥ የተከማቸው ፕሮቲን ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የምንለየው በዚያ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ዕቃው በውጭ ምንዛሪ ይመጣል። ብልጥ ነኝ ባይዋ እኔ አንድ ዘዴ አመጣሁ፤ ያገለገለውን ጠብታ በፒፔት፣ በቀጭኗ መምጠጫ፣ ስቦ ወደ ጠርሙሱ መመለስ። የፖለቲካ ኃላፊያችን ጓድ ለማ በስብሰባ አስጨበጨበልኝ። "የቁጠባ ኮከብ ሠራተኛ" የሚለው የምስክር ወረቀቴም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ምን እዋሻለሁ፣ ኮርቼ ነበር።

አንድ ጠዋት ጋሽ ሰይድ በር ላይ ጠበቁኝ። የወሎ ሰው፣ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። እግራቸው አብጦ ጫማ እምቢ ብሏቸዋል።

"ልጄ፣ ሐኪሙ የእናንተን ውጤት ካላየሁ መድኃኒት አልጀምርም አለኝ። መድኃኒቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ ከተሳሳተ ይጎዳሃል አለኝ።"

"ዛሬ እናየዋለን፣ ጋሽ ሰይድ" አልኳቸው።

አየነው። ነጥቦቹ በሁለቱም ወንፊት ላይ ፈስሰዋል። ደገምኩት፤ ያው ነው። ዶክተር መኮንን መነጽራቸውን አወለቁ።

"ሁለቱም ሊሆን አይችልም። ምን አደረግሽ?"

ጠብታዎቹን የምመልሰው በአንድ ፒፔት ነበር፤ ሁለቱን አንቲቦዲ የደባለቅኩት እኔው ነኝ። ነገርኳቸው።

በሩን ዘጉ። "ከውጭ ሲመጣ የተበላሸ ነው እንበል። አሻጥር ካሉሽ ከእስር አትወጪም።"

እኔን ለማዳን ነው፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ከዚያው ጭነት ያልተከፈተ አንድ ጥንድ ጠርሙስ ለበዓል እንግዶች ማሳያ ተብሎ ጓድ ለማ ዘንድ ተቆልፎበታል። ጭነቱ ተበላሽቷል ካልን እሱም ይጣላል፤ ጋሽ ሰይድም ያለ ውጤት ይቀራሉ።

ጓድ ለማ ቢሮ ገብቼ አንቲቦዲው እንደተበላሸና የተቆለፈው እንደሚያስፈልገን ነገርኩት።

"ማን አበላሸው?"

"እኔ ነኝ ጓድ። በዚያ ባሸለሙኝ ዘዴ።"

ያስጨበጨበው እሱ ነው፤ እኔን አሻጥረኛ ካለ እሱም ከነገሩ አይወጣም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። "የምስክር ወረቀቱን አውርጂ። ከነገ ጀምሮ ብርጭቆ አጣቢ ነሽ።"

በአዲሱ ጠርሙስ፣ ለእያንዳንዱ የተለየ ፒፔት ይዤ ሠራሁ። ነጥቦቹ በአንደኛው ወንፊት ላይ ብቻ ተሰበሰቡ፤ ሌላው ንጹሕ ነበር። አለቀስኩ። ጋሽ ሰይድ ውጤታቸውን ይዘው ሄዱ፤ ከወራት በኋላ ጫማ አድርገው መጡ።

አንድ ዓመት ብርጭቆ አጠብኩ።

ያገለገለ ጠብታ ይደፋል።